ደሙ ከመቀዳቱ በፊት

በጅማ ከተማ በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚያነጋግሩኝ አባቶች አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚደርሱት ምርመራው ከተሠራላቸው በኋላ ነው፤ ይሠራልኝ ብለው ራሳቸው የወሰኑት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዱን ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ ልጃቸው «ጠቅላላ ምርመራ» ሲያስደርግላቸው ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ በጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ተሠርቶላቸዋል፤ ሌላው ለስኳር ሕመማቸው ክትትል ደም ሲሰጡ በቅጹ ላይ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ምልክት ስለተደረገበት ብቻ ተመርምረዋል። ውጤቱን አራት ላይ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ይመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ እስቲ ይኸን እዪልኝ» ይሉኛል። ከቁጥሩ አጠገብ ማሽኑ ያተመው ወደ ላይ የተቀሰረ ቀስት አለ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያ ቀስት ደግ ነገር እንዳላመጣ ይገባዋል።

ቀስቱ ከታየ በኋላ የሚደረገው ንግግር ከምክክር ይልቅ ማረጋጋት ይሆናል። ሰውየው ፈርተዋል፤ ልጆቻቸው በስልክ ተጠራርተዋል፤ የአጎት ልጅ የሆነ አንድ ነርስ «ቶሎ ከፕሮስቴቱ ናሙና ይወሰድ» ብሏል፤ እኔም የምናገረው ሁሉ ከዚያ ፍርሃት ጋር እየታገለ ነው የሚያልፈው። መመርመር ወይም አለመመርመር የሚመረጠው ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ምን ብንነጋገር፣ እንዴትስ ብንነጋገር አንድ ሰው አውቆ ይወስናል የሚለውን፣ ከሥራዬ ያየሁትንና ከጥናቶች ያነበብኩትን አጣምሬ እዚህ ለመጻፍ ወደድኩ። የማነሳቸውን ሰዎች ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችን ለውጫለሁ።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። ቅድመ ምርመራ የሚባለው ምንም ዓይነት ምልክት ለሌለው ሰው የሚደረገው ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት የሚነሳ፣ ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚያስቸግረው፣ ሽንቱ ውስጥ ደም ያየ፣ ወገቡን ወይም ዳሌውን ዕረፍት የማይሰጥ ሕመም የያዘው ሰው «ልመርመር ወይስ ልተው» በሚለው ምርጫ ፊት የቆመ ሰው አይደለም፤ እርሱ ምክንያቱ ተፈልጎ ሊገኝለት የሚገባ ታካሚ ነው። የጀርባ ሕመሙ ላይ እግሩ መስነፍ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ነገ ና ሊባል እንኳ አይገባም፤ ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላልና። እኛ ጋ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ጉዳቱ በሁለቱም ወገን ይደርሳል፦ ምልክት ያለበት ሰው «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይሸኛል፣ ጤነኛው ደግሞ ያልጠየቀው ምርመራ ይሠራለታል።

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን የከበበ እጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ ይህ ዕድገት በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ሽንት የሚያስቸግረውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቧንቧው ራቅ ካለው ከእጢው የውጭ ክፍል ስለሆነ፣ ገና ትንሽ ሳለ ሽንት አያውክም፣ አያምምም። ሰዎች «ሳይታወቅ ውስጥ ለውስጥ ከሚያድግ አስቀድሞ ይገኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐሳቡም ትክክለኛ መሠረት አለው። ሌላው የታሪኩ ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሌላ ምክንያት በሞቱ ወንዶች አስከሬን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ 80 ዓመት አካባቢ ከደረሱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ፕሮስቴታቸው ውስጥ ካንሰር ነበረባቸው፤ ሳያውቁት ኖረው ሳያውቁት አብሯቸው ተቀብሯል። ስለዚህ ካንሰሩን ማግኘት ብቻውን ሰውየውን ጠቀመው ማለት አይደለም፤ የሚገድለውን ካንሰር ከማይገድለው መለየት ነው አስቸጋሪው።

ፒኤስኤም ይህን አይለይም። ካንሰር ያለበትም ሆነ የሌለበት እጢ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1986 ሲፈቅደው ካንሰራቸው አስቀድሞ የታወቀ ሰዎችን ለመከታተል ነበር፤ ካንሰርን ለማግኘት እንዲያግዝ የተፈቀደው በ1994 ነው። በልማድ እንደ ወሰን የተያዘው ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 4 ናኖግራም ሲሆን፣ በ4 እና በ10 መካከል ከሆኑት ወንዶች ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቁጥራቸው 4 እና ከዚያ በታች ከሆኑት ወንዶች ናሙና ወስዶ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ካንሰር አግኝቷል። እንግዲህ ቀስት ያለበት ወረቀት የሞት ፍርድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቀስት የሌለበትም የነጻነት ማስረጃ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእጢው መቆጣት፣ ሽንት ዘግቶ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) መግባቱ፣ በቅርቡ የተደረገ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእነዚህ እያንዳንዱ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ፊናስተራይድ የሚባለውን የፕሮስቴት መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ስለሚወርድ ውጤቱ በሐሰት ያጽናናል።

በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ ሺህ ትናንሽ ክቦች የታተሙበት ወረቀት አለ፤ ሃያ አምስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አርባ። ክቦቹን በተለያየ ቀለም እስክሪብቶ ያቀለምኩት የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎት ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ግምት ተከትዬ ነው። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 የሆኑ አንድ ሺህ ወንዶች በየጊዜው ፒኤስኤ ቢመረመሩ፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 240ዎቹ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛሉ። ናሙና ተወስዶ ካንሰር የሚገኝባቸው 100 ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት ሳይመረመሩ ቢቀሩ ኖሮ ካንሰሩ ዕድሜ ልካቸውን ላያስቸግራቸው ይችል ነበር። 80ዎቹ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ይደረግላቸዋል። በሕክምናው ምክንያት 50ዎቹ ስንፈተ ወሲብ ያገኛቸዋል፣ 15ቱ ሽንት መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከመሠራጨት የሚድኑት 3 ናቸው፤ ከሞት የሚተርፈው አንድ ሰው፣ ምናልባት ሁለት። ተመርምረውም፣ ታክመውም በዚሁ ካንሰር የሚሞቱ ደግሞ 5 አሉ።

ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል የመጡ አንድ አባት ይህን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። አውራ ጣታቸው በሰፊው ቢጫ ላይ ቆየና ወደ ታችኛው ጥግ ወርዶ በቀይ የቀለሙት አምስቱ ክቦች ላይ ቆመ። «እነዚህ ተመርምረው ነው የሞቱት?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። «ታዲያ ይኸኛውስ?» ብለው በአረንጓዴ ወደቀለመው አንድ ክብ አሳዩኝ። በምርመራው ምክንያት የተረፈው እርሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው «አንድም ቢሆን ሰው ነው» አሉ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ያንኑ ወረቀት አይቶ «ለአንድ ሰው ብሎ ሰማንያ ሰው ይታረዳል?» ብሎኛል። ሁለቱም ወረቀቱን በትክክል አንብበውታል፤ የለያያቸው ቁጥሩን አለመረዳት አልነበረም። እኔ ከምክክሩ የምፈልገው እዚህ መድረስን ነው። መቶኛ ስናገር «ሃያ በመቶ ይቀንሳል» ማለት ከምን ላይ እንደሚቀንስ ስለማይታይ ሰሚው የሚይዘው ተስፋውን ብቻ ይሆናል፤ ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ትርፉም ኪሳራውም በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ሩዶልፍ ጁሊያኒ እ.ኤ.አ. በ2007 በምርጫ ቅስቀሳቸው ከፕሮስቴት ካንሰር የመትረፍ ዕድላቸው በአሜሪካ 82 በመቶ፣ በእንግሊዝ ግን 44 በመቶ ብቻ እንደነበር ተናግረው ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል በበሽታው በሚሞቱ ሰዎች መጠን ግን የጎላ ልዩነት አልነበረም። በ75 ዓመቱ በካንሰሩ የሚሞት አንድ ሰው በ72 ዓመቱ ቢታወቅበት «ሦስት ዓመት ኖረ» ይባላል፤ በ65 ዓመቱ ቢታወቅበት «አሥር ዓመት ኖረ» ይባላል፤ የሞተው ግን በሁለቱም በኩል በ75 ነው። የተጨመረለት ሰባቱ ዓመት በሽተኛ ሆኖ የኖረበት ጊዜ ነው። «ቶሎ ከታወቀ አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ መቶ በመቶ ነው» የሚለውን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር ምስል ይዘው የሚመጡ ልጆች ስላሉ ይህን ምሳሌ ደጋግሜ እጠቀምበታለሁ።

ምርመራው ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በአውሮፓ አገሮች የተካሄደው ትልቁ ጥናት የ23 ዓመት ክትትል ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያወጣ፣ ለምርመራ የተጋበዙት ወንዶች በበሽታው የመሞታቸው መጠን በ13 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ይኸውም ለ456 ተጋባዦች አንድ ሞት ማለት ነው። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ ከፍ ማለቱን ጥናቱ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ብቻ መርምሮ መተው ግን ብዙም አያተርፍም፦ ከ400,000 በላይ ወንዶች የተካተቱበት የእንግሊዝ ጥናት ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ከተጋበዙት 0.69 በመቶ፣ ካልተጋበዙት ደግሞ 0.78 በመቶ በዚሁ ካንሰር ሞተዋል። ለበዓል የመጣ ልጅ አንድ ጊዜ አስመርምሮ የሚሄደው ምርመራ ከዚህ ሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል።

እነዚህ ቁጥሮች የተቆጠሩት ከእኛ አገር ሰው አይደለም፤ ይህንንም ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ። ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞታቸው መጠን ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የተያዘበት ሰውም አደጋው እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ያለው ሰው ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ትርፍ ለእርሱ ከፍ ሊል እንደሚችል፣ ንግግሩንም ከ55 ቀደም ብሎ፣ ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ እንኳ መጀመር እንደሚገባ እነግረዋለሁ። «አባትዎ በምን ሞቱ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ግን ብዙ ጊዜ «በሽንት ነው» የሚል ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ወገባቸውን ያማቸው ነበር ወይ፣ ከስተው ነበር ወይ፣ መጨረሻ ላይ መራመድ አቅቷቸው ነበር ወይ እያልኩ ከልጅነት ትዝታቸው ለመገመት እሞክራለሁ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የዚያው የአሜሪካ ግብረ ኃይል መመሪያ ከ55 እስከ 69 ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይወስን፣ 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግን ባይመረመር ይሻላል ይላል። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የቀበሌ ጸሐፊ የገመተው የሆነ ብዙ አባቶች አሉ። እኔ የምጠይቀው አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ምን ይሠሩ እንደነበር ነው። «ከብት እጠብቅ ነበር» ያሉኝ በወሰኑ ውስጥ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ «አግብቼ አንድ ወልጄ ነበር» ያሉኝ 70ን አልፈዋል። ከዕድሜ ቁጥሩ ይልቅ ደግሞ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት በጤና የመኖር ተስፋቸው ይበልጥ ይመዝናል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና። ልባቸው ደክሞ ደረጃ መውጣት ላቃታቸው ሰው፣ ዕድሜያቸው 60 ቢሆንም እንኳ፣ ይህን ምርመራ አላነሳላቸውም፤ ልጆቻቸው ቢያነሱት ግን ምክንያቱን አስረዳለሁ።

ከሁሉ በላይ የምዘገይበት ጥያቄ «ቁጥሩ ከፍ ቢል ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። «እግዜር ያውቃል» ወይም «አላህ ያውቃል» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በራሱ ይወርዳል። ካልወረደ በአንዳንድ አገሮች ናሙና ከመውሰድ በፊት ኤምአርአይ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህ ከአራት ወንዶች አንዱን ገደማ ከናሙና ሊያድን እንደሚችል አሳይቷል። ኤምአርአይ በቅርብ ለማያገኝ ወይም ለመክፈል ለማይችል ሰው የሚቀረው ናሙናው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በፊንጢጣ በኩል በአልትራሳውንድ እየታየ አሥራ ሁለት ያህል ቦታ በመርፌ ይወሰዳል። ሽንትና ዘር ውስጥ ደም ለቀናት ይታያል፤ ጥቂቶች ሆስፒታል የሚያስተኛ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ከዚያ የፓቶሎጂ ውጤት ይጠበቃል። ከዚያም ሕክምናው፦ ለረጅም ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል፣ ይሁንና ተራ መጠበቅና የአልጋ፣ የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ወጪ ዛሬም አለ። ይህን ሁሉ ሰምቶ «እስከዚያ ድረስ አልሄድም» የሚል ሰው፣ ቁጥሩን ማወቁ ከጭንቀት በቀር የሚጨምርለት የለም። «ቡናዬን ሸጬም ቢሆን እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ» የሚለው ደግሞ ሊመረመር ይችላል። የማልወደው በመካከል የሚቀረውን ነው፦ ደሙን ሰጥቶ፣ ቀስቱን አይቶ፣ ወደ ናሙናው ሳይሄድ ለዓመታት በፍርሃት የሚኖረውን።

ካንሰር ተገኘ ማለት ወዲያው ይቀደዳል ማለት እንዳልሆነም አስቀድሜ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የ15 ዓመት ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ካንሰሩ ከእጢው ያልወጣባቸውን 1,643 ወንዶች ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረርና ለክትትል በዕጣ ደልድሎ ነበር፤ በሦስቱም ወገን በዚሁ ካንሰር የሞቱት 3 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በክትትል በቆዩት ላይ ግን ካንሰሩ የመሠራጨቱ መጠን ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ነበር፤ ይኸም አይደበቅም። ክትትል ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ በየጥቂት ወሩ ፒኤስኤ፣ በየተወሰነ ዓመቱ ደግሞ ሌላ ናሙና ይጠይቃል። ከሊሙ ወይም ከደዶ በክረምት ጭቃ መንገድ ለሚመጣ ሰው ይህ ራሱ ሕክምና የሚያህል ሸክም ነው።

ስለ ጉዳቱ ስንነጋገር ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ይወስናል። እኔ ሴት ነኝ፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች ደግሞ አባቴ የሚሆኑ ናቸው። ስንፈተ ወሲብ የሚለውን ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳነሳ አንገታቸውን ይደፉና «ተይው እሱን፣ አርጅተናል» ይላሉ። ልጁን «ካርዱን እስክንጨርስ ውጭ ጠብቀን» ብዬ ካወጣሁት በኋላ ግን ሁለተኛ ሚስት ያገቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው መሆኑን የነገሩኝ አሉ። ከወንድ ሐኪም ጋር ቢነጋገሩ ይመርጡ እንደሆነም እጠይቃለሁ፤ የሚመርጡ አሉ፣ ይህም አይከፋኝም።

ሽንት ማምለጡ ግን ከዚያ ይልቅ ያስጨንቃቸዋል። «ሶላቴስ?» ብለው የጠየቁኝ አባት አሉ፤ ልብሳቸው እየረጠበ ውዱእ እንዴት እንደሚጸና ነበር ያሳሰባቸው። ክርስቲያኖቹም ቤተ ክርስቲያን ስለመቅረብ ያንኑ ያነሳሉ። እኔ የምመልሰው የሐኪሙን ድርሻ ብቻ ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ብዙዎች እየተሻላቸው እንደሚሄድ፣ ለጥቂቶች ግን እንደሚቀር። ለቀረው ወደ ኢማማቸው ላክኋቸው። በቀጠሯቸው ሲመለሱ መልሱን ይዘው መጡ፤ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚበቃ፣ ቸግሮት የሚያመልጠው ሰው እንደማይጠየቅበት ተነግሯቸዋል። እናም ፍርሃታቸው ከተነሳላቸው በኋላ ምርመራውን አልፈለጉትም፤ ምክንያታቸው የክትትሉ ምልልስ ሆነ። ያንን ጭንቀት ይዘው ቢወስኑ ኖሮ ውሳኔው አንድ ዓይነት ቢሆንም የእርሳቸው ነው ለማለት እቸገር ነበር።

ውሳኔው የማን ነው የሚለው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ልጆች በር ላይ ይዘውኝ «ዶክተር፣ ካንሰር የሚለውን ለእሳቸው አትንገሪያቸው» ይላሉ። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የታመመው ሰው ሳያውቅ የሚወሰን ቀዶ ሕክምና ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም። ደም ከመቀዳቱ በፊት ይህን ጥያቄ ማንሳት ቀላል ነው፤ ገና የሚደበቅ ነገር የለምና። «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገርዎት፣ ወይስ ለማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ «ለእኔ፣ ከዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ» ይላሉ። ለትልቁ ልጄ ይነገር ያሉም አሉ፤ እርሱም ምርጫ ነው፣ ራሳቸው መርጠውታልና። አማርኛ ለማይሰሙ አባቶች አፋን ኦሮሞ የሚናገር የሥራ ባልደረባዬን እጠራለሁ እንጂ ልጁን አስተርጓሚ አላደርግም፤ ገንዘቡን የሚከፍለውና የሚፈራው እርሱ ስለሆነ የሚያስተላልፈው የራሱን ሐሳብ ይሆናል።

የሥራ ጓደኞቼ «አንቺ ይህን ሁሉ ስታመዛዝኚ ሰው በአልጋ ተጭኖ እየመጣ ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ በዚያ ደረጃ የሚቀረው እ.ኤ.አ. በ1941 ሐኪሙ ቻርልስ ሃጊንስ ያሳየውን መንገድ ተከትሎ የወንድ ሆርሞንን ማጥፋት ነው፣ መርፌው በየጊዜው የሚገዛ በመሆኑም ብዙዎች የዘር ፍሬያቸውን በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት ይገደዳሉ። እነዚህን ሰዎች ያየ ሐኪም ሁሉንም ወንድ መርምሩ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደው ያውቃሉ፤ ለወገብ ሕመማቸው ማስታገሻ፣ ለሽንታቸው አንቲባዮቲክ ደጋግመው ተሰጥቷቸዋል፣ በጓንት የተደረገ የፊንጢጣ ምርመራ ግን አንድም ጊዜ አልተደረገላቸውም። በእጃችን የገባውን ሕመምተኛ ሳንመረምር ጤነኛውን ለመመርመር መቸኮል ቅደም ተከተሉን ያሳተ ይመስለኛል። ባለሙያዎች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የማምነው ይህንን ነው።

ተመካክረን ልመርመር ላለ ሰው የማደርገው ቀላል ነው። ኢንፌክሽን ካለበት ታክሞ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይጻፋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ለማነጻጸር እንዲያመች በዚያው ላብራቶሪ እንዲያሠራ እመክረዋለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ በየዓመቱ መመላለስ አያስፈልገውም፤ በአውሮፓው ጥናት አብዛኞቹ አገሮች ይመረምሩ የነበረው በየአራት ዓመቱ ነው። ካርዱ ላይ ምን እንደተነጋገርን፣ ምን እንደመረጡና ውጤቱ ለማን እንዲነገር እንደፈለጉ በሁለት መስመር እጽፋለሁ። ላልመረመር ያሉትንም እንዲሁ እጽፍላቸዋለሁ፤ ቀጣዩ ተረኛ ሐኪም «ረስተውት ነው» ብሎ ሳጥኑ ላይ ምልክት እንዳያደርግባቸው። ላስብበት ያሉ ደግሞ ለግፊታቸው ወይም ለስኳራቸው መድኃኒት ሲመጡ ካቆምንበት እንቀጥላለን።